ወጣቱ ራኒንግ ባክ ሸክሙን ይችለዋል? ሦስት መንገዶችና የመምረጫ ነጥቦች

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድን የሆነው ዋሽንግተን ኮማንደርስ በኦገስት 2025 ራኒንግ ባኩን (ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጫዋች) ብራያን ሮቢንሰንን ለሳን ፍራንሲስኮ አሳልፎ ሰጠ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ግሪን ቤይ ላይ የነባሩ ኦስቲን ኤከለር የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። በዚህ መሀል ሸክሙ ወደ አንድ ልጅ አዘነበለ፤ በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) ሰባተኛ ዙር፣ 245ኛ ሆኖ የተመረጠው ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት። ልጁ በመጀመሪያ ጨዋታው ጃያንትስ ላይ 10 ጊዜ ሮጦ 82 ያርድና አንድ ታችዳውን (ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ ነጥብ ማስቆጠር) አግኝቷል። በአምስተኛው ሳምንት ቻርጀርስ ላይ 14 ጊዜ ሮጦ 111 ያርድና ሁለት ታችዳውን ጨመረ፤ ዋሽንግተንም 27 ለ 10 አሸነፈ። በሳምንቱ በዝናብ ከቺካጎ ጋር ሲጫወቱ ግን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኳርተርባኩ ጄደን ዳንኤልስ ኳሱን ሲያቀብለው በመካከላቸው ወደቀ። ቺካጎ አነሳው፤ በመጨረሻዋ ፊልድ ጎል (በእግር ተመትታ በምሰሶዎቹ መሀል ባለፈች ኳስ) 25 ለ 24 አሸንፎ ሄደ።

እዚህ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ላለን ደጋፊዎች ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልቆመም፦ ይህ ልጅ ብቻውን ይችለዋል ወይስ አጋር ይፈለግለት? ጥያቄው የዋሽንግተን ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ወጣት ራኒንግ ባክ ያለው ቡድን ሁሉ የሚጋፈጠው ነው፤ ለፋንታዚ ቡድኑ (በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት ለሚደረገው የምናብ ውድድር) ሯጭ የሚመርጥ ሰውም እንዲሁ። የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ልጁ መሮጥ መቻሉ የጥያቄው ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚመልሰው ኳስ ሳይዝ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እሱ እስኪረጋገጥ ድረስ ሙሉውን ሸክም የሚጭንበት አሰልጣኝ ልጁንም ቡድኑንም ይጎዳል።

ሸክም ስንል ምን ማለታችን ነው

ጨዋታውን በቅርቡ ማየት ለጀመረ ሰው ባጭሩ፦ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ኳርተርባኩ ወይ ኳሱን ይወረውራል፣ ወይ ከኋላው ለቆመው ራኒንግ ባክ ያቀብላል። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 27 ጊዜ ያህል ይሮጣል። ከዚህ 20ውን አንድ ሰው ብቻ ይውሰድ ብንል፣ ከ2021 ጀምሮ የውድድር ዘመኑ 17 ጨዋታ ስለሆነ 340 ሩጫ ይመጣል። እያንዳንዱ ሩጫ የሚያልቀው ደግሞ ባብዛኛው 110 ኪሎም 140 ኪሎም የሚመዝን ሰው ጥሎት ነው። የሚወረወርለትን ኳስ ሲቀበል የሚደርስበት ግጭት በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም፤ ተከላካይ ሲያግድ የሚደርስበት ደግሞ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም።

አንደኛው መንገድ፦ ሙሉውን ለወጣቱ መስጠት

ይህን መንገድ የሚደግፍ ሰው የሚጠቅሳቸው ስሞች ትልልቅ ናቸው። ኤሪክ ዲከርሰን በ1983 ገና ጀማሪ ሳለ ለሎስ አንጀለስ ራምስ 390 ጊዜ ሮጦ 1,808 ያርድ አገኘ። ደከመው ሲባል በቀጣዩ ዓመት 2,105 ያርድ ሮጠ፤ ያ የዓመት ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። ላዳኒያን ቶምሊንሰንም በ2001 በመጀመሪያ ዓመቱ 339፣ በሁለተኛው 372 ጊዜ ሮጦ እስከ 2011 ድረስ ተጫውቷል። እነዚህ ሁለቱ ወጣት ሰውነት ሙሉ ሸክም ሊችል እንደሚችል በግልጽ ያሳያሉ።

በሌላው ወገን ያለው ዝርዝር ግን ይረዝማል። ኤጀሪን ጄምስ ለኢንዲያናፖሊስ በ1999 እና በ2000 በተከታታይ 369 እና 387 ጊዜ ሮጦ በሦስተኛው ዓመቱ መሀል ጉልበቱ ተበጠሰ። ላሪ ጆንሰን በ2006 ለካንሳስ ሲቲ 416 ጊዜ ሮጠ፤ ከሱ በፊትም በኋላም በአንድ ዓመት ይህን ያህል የሮጠ የለም። በቀጣዩ ዓመት የተሰለፈው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ዴማርኮ መሪ በ2014 ለዳላስ 392 ጊዜ ሮጦ 1,845 ያርድ አገኘና 57 ኳስ ተቀበለ፤ በዓመቱ ፊላደልፊያ ሄዶ 702 ያርድ ላይ ቆመ።

የኔን ልብ የሚነካው ግን ቴሬል ዴቪስ ነው። እሱም እንደ ክሮስኪ-ሜሪት ማንም ያላሰበው ልጅ ነበር፤ ዴንቨር በ1995 የመረጠው በስድስተኛው ዙር፣ 196ኛ ሆኖ ነው። የአራት ዓመት ሩጫዎቹ ብዛት 237፣ 345፣ 369፣ 392 ነበር። በየዓመቱ ተጨመረበት። ከዚህ ላይ የፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) አለ፤ በ1997 ዘመን ብቻ 112፣ በ1998 ደግሞ 78። ሁለት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ) አሸነፉ፤ በ1998 ከ2,000 ያርድ አለፈ። በ1999 አራተኛው ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ተበጠሰና ከዚያ በኋላ የድሮው ዴቪስ አልተመለሰም። የ2001 ዘመን የመጨረሻው ሆነ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዴቪስ የተጎዳው ኳስ ይዞ ሲሮጥ አልነበረም፤ የተነጠቀ ኳስ ይዞ የሚመለሰውን ተጫዋች ለመጣል ሲሮጥ ነው። እንደዚህ ያለ ጉዳት አምስት ጊዜ ብቻ የሮጠ ሰውም ላይ ይደርሳል። ሌላም አለ፦ በአንድ ዓመት 390 ጊዜ የሮጠ ሰው ያን ዓመት ጤነኛ፣ ጥሩ የፊት መስመር (ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱ አጋሮች) ያለውና ቡድኑም የሚያሸንፍለት ነበር፤ አለዚያ ያን ያህል አይሮጥም። ያ ሁሉ ዕድል በቀጣዩ ዓመት አንድ ላይ ተመልሶ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ «370 ያለፈ ሁሉ ይሰበራል» የሚለውን አባባል እንደ ሕግ አልወስደውም። የምወስደው ይህን ነው፦ ሸክሙ በበዛ ቁጥር ቡድኑ ሙሉ ዓመቱን በአንድ ጉልበት ላይ ያስይዛል።

ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገርም አለ፤ ገንዘብ። ወጣቱ የሚጫወተው በአራት ዓመት የጀማሪ ውል፣ በርካሽ ነው። ቡድኑ በእነዚያ ዓመታት አብዝቶ ቢያሮጠው የሚጨምረው ክፍያ የለም። ልጁ ግን ለትልቁ ውል ሲደርስ «ብዙ ሮጧል» ተብሎ ዋጋው ይወርዳል። ጆሽ ጄከብስን ያየ ያውቃል፤ ሬይደርስ የአምስተኛ ዓመት አማራጩን (ውሉን በአንድ ዓመት የማራዘም መብታቸውን) አንጠቀምም ብለው ከተዉት በኋላ በ2022 ዘመን 340 ጊዜ ሮጦ በ1,653 ያርድ ሊጉን መራ። በ2023 ክረምት የረጅም ጊዜ ውል ሳይሰጡት ቀሩ። ደጋፊ ሆኖ «ይስጡት፣ ይስጡት!» ብሎ የሚጮህ ሰው የሚያልቀው የማን ሰውነት እንደሆነ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ማጋራት

ዲትሮይት በ2023 ጃሚር ጊብስን በ12ኛ ምርጫ ሲወስድ ዴቪድ ሞንትጎመሪን በዚያው ሰሞን ከቺካጎ አስፈርሞ ነበር። ብዙ ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው ለምን አለ። በዓመቱ መጨረሻ ሞንትጎመሪ 219 ጊዜ ሮጦ 1,015 ያርድ፣ ጊብስ 182 ጊዜ ሮጦ 945 ያርድ ሆኑ። ገበሬ ወይፈን ሲገራ ከለመደ በሬ ጋር እንደሚያጣምደው ነው፤ ወይፈኑ ትልሙን ይማራል፣ እርሻውም አይቆምም።

ይህ መንገድ ልጁን ያሰንፈዋል ወይ የሚለውን ለመመለስ የ2024 መጨረሻን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እስከ ዲሴምበር አጋማሽ በነበሩት 14 ጨዋታዎች ጊብስ በአማካይ 13 ጊዜ ያህል ይሮጥ ነበር። ከዚያ ሞንትጎመሪ ከቡፋሎ ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ሸክሙ ሁሉ ጊብስ ላይ ወደቀ። ቺካጎ ላይ 23 ጊዜ ሮጦ 109 ያርድ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 18 ጊዜ ሮጦ 117። በመጨረሻው ሳምንት ምድቡንና የኮንፈረንሱን አንደኛ ቦታ በሚወስነው የሚኒሶታ ጨዋታ 23 ጊዜ ሮጦ 139 ያርድ፣ በሩጫ ሦስት፣ ተወርውሮለት አንድ ታችዳውን፤ ዲትሮይት 31 ለ 9። ስሌቱን ስሩት፦ በሦስቱ ጨዋታዎች በአንድ ሩጫ 5.7 ያርድ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 5.6። ሸክሙ ከግማሽ በላይ ሲጨምር ፍጥነቱ አልቀነሰም። እኔ ይህን የማየው የማጋራቱ ፍሬ አድርጌ ነው፤ ዲሴምበር ሲደርስ እግሩ ትኩስ ነበር። በፕሌይኦፉም ዋሽንግተን 45 ለ 31 ባሸነፈበት ጨዋታ ጊብስ ብቻውን 105 ያርድና ሁለት ታችዳውን አግኝቶብናል፤ ዲትሮይት የተሸነፈው በሱ ጉድለት አልነበረም።

ሚኒሶታም በ2007 ኤድሪያን ፒተርሰንን እንዲህ ነው የያዘው። ቼስተር ቴይለር 157 ጊዜ ሲሮጥ ፒተርሰን 238 ጊዜ ሮጦ 1,341 ያርድ አገኘ፤ ከዚያ ውስጥ 296ቱ በአንድ ቀን ሳን ዲዬጎ ላይ የተገኘ ነው፤ እስካሁን የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ነው። በሁለተኛው ዓመት ሸክሙ 363 ሆነ፤ ቻለውም።

የማጋራት ጉዳቱ የሚታየው ሲበዛ ነው። አትላንታ በ2023 ቢጃን ሮቢንሰንን በስምንተኛ ምርጫ ወስዶ 214 ሩጫ ሲሰጠው ታይለር አልጊየር 186 ወሰደ። ያርዱ በሩጫ ሮቢንሰን 4.6፣ አልጊየር 3.7 ነበር። ልዩነቱ እንዲህ ሰፍቶ እያለ ሸክሙን እኩል ማካፈል ጥንቃቄ ሊባል አይችልም። አሰልጣኙ ሲቀየር በ2024 ሮቢንሰን 304 ጊዜ ሮጦ 1,456 ያርድ አገኘ፤ አልጊየር 137 ላይ ወረደ። የ2024ቱ ክፍፍል ለኔ ልክ ነው፤ የ2023ቱ ግን ስስት ነበር።

ለፋንታዚ የምትመርጡ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የተጋራ ሯጭ ያርዱን ያመጣል፣ ታችዳውኑ ግን ለሌላው ሊሄድ ይችላል። በ2023 ዲትሮይት ውስጥ ግቡ አፍ ላይ ሲደርሱ ኳሱ ወደ ሞንትጎመሪ ነበር የሚሄደው፤ 13 ታችዳውን አገኘ፣ ጊብስ 10።

ሦስተኛው መንገድ፦ ማቆየት

ዴሪክ ሄንሪ በ2015 ለአላባማ ዩኒቨርሲቲ 395 ጊዜ ሮጦ ሄይስማንን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን) አሸነፈ። ቴነሲ ሲወስደው ዴማርኮ መሪ ስለነበር በመጀመሪያው ዓመት 110፣ በሁለተኛው 176 ጊዜ ብቻ ሮጠ፤ መሪ ከሄደ በኋላም በሦስተኛው 215። ከዚያ 303፤ ከዚያም በ2020 ዘመን 378 ሩጫና 2,027 ያርድ። በ2021 ስምንት ጨዋታ ላይ 219 ጊዜ ሮጦ እግሩ ተሰበረ፤ በጨዋታ 27 ማለት ነው፣ ለ112 ኪሎ ሰውም ይበዛል። ግን ተመለሰ፤ በ2024 በ30 ዓመቱ ለባልቲሞር 1,921 ያርድ ሮጠ። በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ራኒንግ ባክ ጫማውን ሰቅሏል።

መንገዱ ለሰውነት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ለቡድን ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከአራት ዓመት ውል ሦስቱን ማስቀመጥ የሚደፍር ጥቂት ነው፣ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ከሆነማ ደጋፊውም አይታገስም። የሚያዋጣው አንጋፋው ገና ጥሩ ሲሆንና ወጣቱ ከኮሌጅ ብዙ ሮጦ ሲመጣ ብቻ ነው።

ታዲያ በምን እንምረጥ

ከሁሉ በፊት የምመለከተው ሦስተኛውን ሙከራ ነው። ስምንት ያርድ ይቀራል እንበል፤ ሁሉም ሰው ኳሱ እንደሚወረወር ያውቃል። ራኒንግ ባኩ ከኳርተርባኩ ጎን ቆሟል። ኳሱ ሳይነሳ በፊት ዓይኑ ከመሀል ወደ ጎን መቁጠር አለበት፦ መሀል ያለው ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ይመጣል ወይስ ወደ ኋላ ይመለሳል? ጥግ ላይ ያለው ሴፍቲ (የኋላ ተከላካይ) ለምን ቀረብ አለ? ሁለቱ አብረው ከመጡ መጀመሪያ የሚያዘው የውስጠኛው ነው፤ ለኳርተርባኩ አጭሩ መንገድ የሱ ስለሆነ። ይህን ሁሉ ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በሙሉ ፍጥነት የሚመጣውን ሰው ደረቱ ላይ ሊያቆመው ይገባል። ልጁ ከተሳሳተ የሚመታው እሱ አይደለም፤ የቡድኑ ውድ ሰው ነው። ኮሌጅ ውስጥ ጎበዝ ሯጭ ኳስ ይሰጠዋል እንጂ ይህን ሥራ በብዛት አይሠራም። ስለዚህ አንድ ጀማሪ በሦስተኛ ሙከራ ከሜዳ ሲወጣ ካያችሁ አሰልጣኙ ገና አላመነውም ማለት ነው፤ የፈለገውን ያህል ያርድ ቢያመጣ ሸክሙ ገና ሙሉ አይሆንም።

ቀጥሎ፣ ሩጫን ብቻ አትቁጠሩ፤ የተቀበላቸውንም ደምሩ። ክርስቲያን ማካፍሪ በ2019 የሮጠው 287 ጊዜ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ 116 ኳስ ተቀብሎ ስለነበር ድምሩ 403 ነው። በ2020 የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ። ለጀማሪ እኔ የምወደው ድምር ከ230 እስከ 270 ነው። የጊብስ የ2023 ድምር 234፣ የሮቢንሰን 272 ነበር፤ ሁለቱም በቀጣዩ ዓመት በልጠው መጡ።

ከኮሌጅ ይዞት የመጣው ድካምም ይቆጠራል። አሽተን ጄንቲ በ2024 ለቦይዚ ስቴት 374 ጊዜ ሮጦ 2,601 ያርድ አግኝቶ በ2025 በስድስተኛ ምርጫ ሬይደርስ ገባ። በአንጻሩ ክሮስኪ-ሜሪት በ2024 በአሪዞና የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የመጫወት መብቱ ጉዳይ ስላልተፈታ ዓመቱን በሙሉ ቆሞ አየ። እግሩ አልደከመም፤ ዓይኑ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ብሊትዝ (ተከላካዮች ኳርተርባኩ ላይ የሚሮጡበትን ጥቃት) አላየም። ለጄንቲ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው፣ ለክሮስኪ-ሜሪት ደግሞ ትምህርት፤ ሁለቱንም በአንድ መለኪያ «ወጣት» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ቁመትና ክብደት ላይ ብዙ አልቆይም። ባሪ ሳንደርስ 92 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከአሥር ዓመቱ በሰባቱ 300 ሩጫ አልፏል። ዋሪክ ደን ከሱም ቀሎ በጠቅላላው ከ10,000 ያርድ በላይ ሮጧል። ዋናው ነገር ስንቱን ግጭት በሙሉ ኃይሉ እንደሚቀበልና ከስንቱ ጎኑን እያሳየ እንደሚያመልጥ ነው።

የፊት መስመሩ ግን ብዙ ይወስናል። ሴይኳን ባርክሊ በ2024 ለፊላደልፊያ 345 ጊዜ ሮጦ 2,005 ያርድ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰው የሚነካው ጥቂት ያርድ ከሄደ በኋላ ነበር። በኒው ዮርክ ሳለ ገና ኳሱን ሳይጨብጥ የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነበር። ደካማ መስመር ያለው ቡድን ለወጣት 20 ሩጫ ሲሰጥ ሌላ ቡድን 28 ሰጠ ማለት ነው። ፊላደልፊያ ደግሞ አንድ ያስከበረው ነገር አለ፤ በመጨረሻው ሳምንት ባርክሊ የዲከርሰንን ክብረ ወሰን ለመስበር 101 ያርድ ሲቀረው አሳረፉት። ከወር በኋላ ሱፐር ቦውሉን ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸንፈው ወሰዱ።

ለዋሽንግተኑ ልጅ የምመርጠው

ክሮስኪ-ሜሪት የመጀመሪያ ዓመቱን 175 ጊዜ ሮጦ በ805 ያርድና በስምንት ታችዳውን ጨረሰ፤ በጨዋታ አሥር ሩጫ ያህል ነው። በሩጫ 4.6 ያርድ ለሰባተኛ ዙር ተመራጭ ትልቅ ነገር ነው፤ ኳርተርባኩ በተደጋጋሚ ሲጎዳበት ለነበረ ቡድን ደግሞ ይበልጥ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን መንገድ እመርጥለታለሁ፤ ሚዛኑ ግን ወደሱ ያዘነበለ፦ 13 ወይም 14 ሩጫ ለሱ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ለአጋሩ። አጋሩ ፈጣን መሆን የለበትም፤ በሦስተኛ ሙከራ ዳንኤልስን የሚጠብቅና ዝናብ ሲዘንብ ኳስ የማይጥል ሰው ይበቃል። የቺካጎውን ኳስ ጥፋት በልጁ ላይ ብቻ መጣል አግባብ አይደለም፤ ቅብብሉ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ በልምምድም የሚስተካከል ነው።

ሸክሙን ለመጨመር የምጠብቀው ምልክት ያርድ አይደለም። በአራተኛው ሩብ ቡድኑ በጥቂት ነጥብ ሲመራና ሦስተኛ ሙከራ ሲመጣ አሰልጣኙ ሜዳ ላይ ከተወው፣ እሱም የሚመጣውን ላይንባከር በትክክል ካቆመው፣ ያን ጊዜ 18 ይስጡት። በአራት ቀን ልዩነት የሐሙስ ጨዋታ ካለ ግን ያን ሳምንት ወደ 12 ይመልሱት።